ዜማና ኳስ በአንድ ቤት

ልጁ ኳስ ሲያሳድድ ወይም ሲያንጐራጕር የሚውልበት አባት ልቡ አያርፍም። ኳሱ ከትምህርቱ፥ ዘፈኑም ከጨዋነቱ ያርቀዋል ብሎ ይሰጋልና ነው። ሁለቱም በአንድ ልጅ ላይ የተገኙ እንደ ሆነማ ሥጋቱ እጥፍ ይሆናል።

ይሁን እንጂ በጋዝጊብላና በሰቆጣ ዙሪያ እንደ ሌላውም ደጋ ሁሉ፥ የገና ዕለት ወደ ሜዳ የወጣ ሰው ጨዋታና ዜማ ሳይለያዩ ያገኛቸዋል። ጥንጓን ሲመታ የዋለው ጐበዝ ግጥም አውጥቶ ተቃራኒውን ወገን ይነካል፤ ጓደኞቹም እየተቀበሉ ያዜማሉ። በዚያ ቀን ጌታም ቢነካ አይቈጣም።

በሩቅ አገርም የዚህ ምሳሌ አለ። በስዊድን አገር በኦሬብሮ ከተማ የተወለደው ኬቪን ዎከር አባቱ አየርላንዳዊ የእግር ኳስ አሠልጣኝ ነው። ይህ ጐልማሳ ለሱንድስቫል ክለብ ይጫወት በነበረበት ጊዜ በአገሩ ቴሌቪዥን አይዶል በሚባለው የዘፈን ውድድር ገብቶ በኅዳር ወር 2006 ዓ.ም. አንደኛ ወጣ። እንዲህ ያለ ዕድል የገጠመው ሰው ኳሱን ይተዋል ያሰኛል፤ እርሱ ግን ዘፈኑንም እያሳተመ በኳሱ ገፋበት፤ ቈይቶም ዩርጎርደን ወደሚባለው የስቶክሆልም ክለብ ተዛወረ።

በእኛ አገር ደግሞ እነዚህ ሁለት ስጦታዎች ለአባትና ለልጅ ተከፍለው ታይተዋል። አባትየው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአውቶሞቢል ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ተልከው ሳሉ፥ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። በሸክላ ከተቀረጸው የኢትዮጵያ ዘፈን የመጀመሪያው ይህ ነው። ማሲንቆ ይዞ መዝፈን የአዝማሪ ሥራ ነው ተብሎ በሚናቅበት ጊዜ፥ ቤተ መንግሥት የሚገባ ሰው ይህን ማድረጉ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ አንባቢ ይገምተው። በኋላም ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን በወረዱ ጊዜ፥ ባለሟላቸው ስለ ነበሩ መከራው ለእሳቸውም ተረፈ። መከራውን ያመጣባቸው ግን ወዳጅነታቸው ነው እንጂ ዘፈናቸው አይደለም።

ልጃቸው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። በ1928 ዓ.ም. ለተመሠረተው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብም ብዙ ዓመት ተጫወቱ። ኳስ ለአገር ምን ይረባል የሚል ሰው ቢኖር በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የሆነውን ይስማ። የአፍሪካን የእግር ኳስ ማኅበር ሊያቋቁሙ የተነሡት ግብፅ፥ ሱዳን፥ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ግን ወይ ነጭ ብቻ፥ ወይ ጥቁር ብቻ እልካለሁ እንጂ ቀላቅዬ አልልክም አለች። አቶ ይድነቃቸው ከኢትዮጵያ መልእክተኞች አንዱ ነበሩ። ነገሩ ተቀባይነት አጥቶ ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ቀረች። ኢትዮጵያም በዚሁ ምክንያት ያለ ግጥሚያ ለፍጻሜ አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ይህ ሽንፈት፥ በእኛ አስተያየት፥ ከብዙ ድል ይበልጣል።

አምስት ዓመት ቈይቶ በጥር ወር 1954 ዓ.ም. ያው ባላጋራ አዲስ አበባ መጣ። አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ጨዋታው በመደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 ሆነ፤ በተጨመረው ሰዓት ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች፤ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ነጋድራስ ተሰማ ያን ጊዜ ሽማግሌ ሆነው በሕይወት ነበሩ፤ በ1957 ዓ.ም. ዐረፉ። ልጃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የአፍሪካን ማኅበር በፕሬዚዳንትነት ሲመሩ ቈይተው በነሐሴ 1979 ዓ.ም. ተከተሏቸው። የአባትየው ዘፈኖች ደግሞ ከተቀረጹ መቶ ዓመት ካለፋቸው በኋላ በፈረንሳይ አገር እንደገና ታትመው ወጥተዋል።