ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካርታ ምን ይነግረናል?



ንግግሬን በአንድ ስጦታ እጀምራለሁ። ከዓመታት በፊት ተመራቂ ተማሪዎቼ በመስታወት ክፈፍ የገባ የጥንት ካርታ ቅጂ አበረከቱልኝ። በባሕሩ ላይ መርከቦች፣ በየብሱ ላይ ዝሆኖች ይታዩበታል፤ ውበቱ ማርኮኝ ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ሰቀልሁት። ጥቂት ቆይቼም ስለ ጥንታዊው ግዛታችን ስፋት ሳስተምር ያንኑ ካርታ ወደ ክፍል ይዤ ገባሁና «ይኸው፣ ኢትዮጵያ እስከዚህ ድረስ ነበረች» አልሁ። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ካርታውን የሠራው ሰው አገራችንን አይቷት ያውቃል?» ስትል ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። የዛሬው ንግግሬ ለእርሷ የዘገየ መልስ ነው።

ካርታው የአንትወርፑ አብርሃም ኦርቴልየስ ሥራ ሲሆን የታተመው በ1573 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ርእሱ የቄስ ዮሐንስን፣ ማለትም የሐበሾችን ግዛት እንደሚያሳይ ይናገራል። ቄስ ዮሐንስ ማለት ደግሞ አውሮፓውያን ከ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በመጀመሪያ በእስያ፣ ኋላም በአፍሪቃ ሲፈልጉት የኖሩ፣ በአፈ ታሪክ የተፈጠረ ክርስቲያን ንጉሥ ነው። ኦርቴልየስ ኢትዮጵያን አልረገጠም። ስለዚህ ግዛቱን ከምድር ወገብ ወደ ደቡብ አርቆ ዘረጋው፤ የዓባይንም ዋና ምንጭ፣ በጥሊሞስ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባቆየው ትምህርት መሠረት፣ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ካሉ ሐይቆች አነሣው። እኔ የግዛት ወሰን ነው ብዬ ያሳየሁት፣ ለካስ የአውሮፓ ምኞት ወሰን ኖሯል።

ይህን ስል ካርታው ሐሰት ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። የንጉሥ ልጆች በጥበቃ ሥር የሚኖሩበትን አምባ ይጠቅሳል፤ ይህም በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ግሼን ከጻፈው ጋር ይስማማል። እውነቱና ተረቱ በአንድ ቀለም፣ በአንድ እጅ ጎን ለጎን ተቀርጸዋል። ዓይን ብቻውን ሊለያቸው አይችልም።

እንግዲህ ችግሩ ማስጌጡ ነውን? አይደለም። ኦርቴልየስ ራሱ ሥራውን የጀመረው በካርታ ቀለም ቀቢነት ነበር። በዚያ ዘመን ካርታ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ በጥቁር ቀለም ይታተማል፤ ከዚያ በኋላ የሚሻ ሰው በእጅ ያስቀባዋል። ጌጥነት የዛሬ ነጋዴዎች ፈጠራ አይደለም።

ችግሩ ቅጂው የሚያስቀረው ነገር ነው። የኦርቴልየስ ካርታዎች የመጽሐፍ ገጾች ነበሩ፤ በጀርባቸው ስለ አገሩ የሚያብራራ ጽሑፍ ታትሞባቸዋል። መጽሐፉም ደራሲው የተጠቀመባቸውን የካርታ ሠሪዎች ስም ዝርዝር ይዟል። ካርታው ከመጽሐፉ ወጥቶ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ግን ጀርባው ይጠፋል። ምስክሩ ቀርቶ ምስሉ ብቻ ይቀራል። ምስክር የሌለውን ምስል ደግሞ እያንዳንዳችን ለፈለግነው ክርክር እንጠራዋለን፤ እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ ካርታ ላስቀምጥ። ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ በ1649 በሮም ከመካነ ሥላሴው ተወላጅ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ፤ በ1652ም አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ ተጉዘው ስለ አገራቸው ቋንቋና ምድር አስተማሩት። ሉዶልፍ ከእርሳቸው የሰማውን ከኢየሱሳውያን ጽሑፎች ጋር አገናዝቦ በ1683 ባወጣው ካርታ ግዛቱ ወደ ልኩ ተሰብስቧል፤ ዓባይም ከጣና ወጥቶ ጎጃምን ይዞራል። ልዩነቱን ያመጣው የአገሩ ሰው መጠየቁ ነው። ሆኖም በዚህ ካርታ ርእስ ላይ እንኳ የቄስ ዮሐንስ ስም አልጠፋም። የለመዱት ስም ከዕውቀት በኋላም ይሰነብታል።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምመክረው ቀላል ነው። ካርታ ስትገዙ በማጉያ መነጽር እዩት፤ ቀለሙ በጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ከሆነ የዘመናችን ኅትመት ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ ቅጂን እንደ ቅጂ ማወቅ ነው። ስጦታ ስትሰጡም ከክፈፉ ጀርባ ማን ሠራው፣ መቼ፣ ከማን ሰምቶ የሚለውን ጽፋችሁ ለጥፉበት።

እኔም የተሰጠኝን ካርታ አላወረድሁትም። ጀርባው ላይ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ጻፍሁ፤ የሉዶልፍንም ቅጂ አጠገቡ ሰቀልሁ። በሁለቱ መካከል 110 ዓመትና የአንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ድምፅ አለ። ቢሮዬ የሚገባ ተማሪ ሁለቱን አይቶ «የትኛው ነው ትክክሉ?» ሲለኝ «ገልብጠህ ጀርባውን አንብብ» እለዋለሁ።