4,294,967,297 ብቸኛ ቁጥር ነው ወይስ አይደለም?

በዚህ ዕትም ይዤላችሁ የቀረብኩት የአንድ ትልቅ ቁጥር ጉዳይ ነው። እርሳስና ወረቀት ያዙ።

2ን በራሱ ስናባዛ 4፣ 4ን በራሱ 16፣ 16ን በራሱ 256፣ 256ን በራሱ 65,536 ይሆናል። አሁን ከ2 ጀምራችሁ በእያንዳንዱ ላይ 1 ጨምሩ፤ 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ታገኛላችሁ። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ማለትም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ ቁጥር ያለቀሪ አይካፈሉም።

የሒሳብ መምህራችን ይህን ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ እጄን አወጣሁና «ቲቸር፣ እንግዲያው ሁሉም ብቸኛ ናቸዋ!» አልኩ። እሳቸውም «ስድስተኛውንስ ሞክረሽዋል?» አሉኝ።

ስድስተኛው ርዕሱ ላይ ያያችሁት ነው፤ 65,536 በራሱ ተባዝቶ 1 ሲጨመርበት ይመጣል። ማታ ቤት ቁጭ ብዬ ሞከርኩት። መጨረሻው 7 ስለሆነ ለ2 እና ለ5 አይካፈልም። የአሃዞቹ ድምር 59 ስለሆነ ለ3ም አይካፈልም። ከዚያ ለ7፣ ለ11፣ ለ13 እያልኩ ብቸኛ ቁጥሮችን በተራ ቀጠልኩ። እስከ 47 ድረስ ሁሉም ቀሪ አላቸው። እጄ ደከመ፣ «ብቸኛ ነው» ብዬ ጽፌ ተኛሁ።

በማግስቱ መምህራችን ደብተሬን አይተው ሳቁ። ለካ የተሳሳትኩት እኔ ብቻ አይደለሁም! ፒየር ደ ፌርማ የተባለው ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1640 በዚህ መንገድ የሚመጡት ሁሉ ብቸኛ እንደሆኑ ያምን ነበር። በ1732 ግን ስዊዘርላንዳዊው ሌዎንሃርድ ኦይለር አካፋዩን አገኘው፤ 641 ነው። ካላመናችሁ 6,700,417ን በ641 አባዙ፦

በ600፦ 4,020,250,200
በ40፦ 268,016,680
በ1፦ 6,700,417
ድምር፦ 4,294,967,297

እኔ ያቆምኩበት 47 በተራ 15ኛው ብቸኛ ቁጥር ነው። 641 ደግሞ 116ኛው ነው። ገና 101 ማካፈል ይቀረኝ ነበር ማለት ነው። እንዴት ይታሰባል!

ኦይለር ግን እንደኔ ሁሉንም መሞከር አያስፈልግም ብሏል። የዚህ ቁጥር አካፋይ ካለ፣ ለ64 ሲካፈል ቀሪው 1 መሆን እንዳለበት አሳየ። (ማረጋገጫው ለኛ ክፍል ይከብዳል፤ 641ን ግን ለ64 አካፍላችሁ እዩት።) እንዲህ ዓይነት ብቸኛ ቁጥሮች እስከ 641 ድረስ 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና ራሱ 641 ብቻ ናቸው። በአምስት ማካፈል አለቀ! እኔ አስራ አምስት አካፍዬ እንኳ አጠገቡ አልደረስኩም።

ከ65,537 በኋላ በዚህ መንገድ የመጣ ሌላ ብቸኛ ቁጥር እስከ አሁን አልተገኘም። ሰባተኛው 18,446,744,073,709,551,617 ነው፤ ለ274,177 ያለቀሪ ይካፈላል። ስንት እንደሚደርሰው በእጃችሁ ሠርታችሁ ለክበባችን አምጡ፤ በተራ ካልኩሌተር አይቻልም፣ ቦታ አይበቃውም። ቀድሞ ያመጣ ስሙ በሚቀጥለው ዕትም ይወጣል።