የቡናው ማሳ የት ነው?

በርሊን የሚጠጣው ቡና ከጅማ ገበሬ ማሳ ተነስቶ በአቅራቢና በላኪ እጅ ያልፋል። ይህ የአቅርቦት ሰንሰለት ይባላል። ታዲያ ለዚያ ቡና ሲባል ደን ቢመነጠር ተጠያቂው ማነው?

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ ‘ቡናውን ወደ ገበያችን የሚያስገባው ኩባንያ ነው’ ይላል። ኩባንያው ከ2020 ማብቂያ ወዲህ ደን ባልተመነጠረበት መሬት መመረቱን በማሳው የጂፒኤስ ነጥብ ማስረዳት፣ የአምራቹ አገር የመሬትና የሠራተኛ መብት ሕጎች መከበራቸውንም ማረጋገጥ አለበት።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? የብዙ ገበሬዎች እሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ላይ ይቀላቀላል። የአንዱ ማሳ ነጥብ ከጎደለ፣ ደን ያልነካው ገበሬ ቡናም ገዢ ሊያጣ ይችላል። ኃላፊነቱ የኩባንያው ከሆነ፣ የማስረጃው ወጪ ገበሬው ላይ መውደቅ የለበትም።