በመንደሪን ሽሮፕ ውስጥ ስለሚታየው ነጭ ደመና

በጣሳ ወይም በጠርሙስ ታሽጎ የሚመጣው የመንደሪን ፍሬ አንዳንድ ጊዜ ሽሮፑ ነጭ ሆኖ ይደፈርሳል። ገዢው «ተበላሽቷል» ብሎ ይመልሰዋል፤ ባለሱቁም የሚናገረው ያጣል። ነገሩ ግን ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም።

በብርቱካን፣ በሎሚና በመንደሪን፣ ይልቁንም በልጣጩ ነጭ ክፍል፣ ሄስፔሪዲን የሚባል ንጥረ ነገር ይገኛል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1828 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ለብሬቶን ለይቶ አወጣው። ሄስፔሪዲን ጣዕም የለውም፤ በውሃም የሚሟሟው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከፍሬው ወጥቶ በሽሮፑ ውስጥ ሲበዛ፣ እንደ መርፌ ቀጫጭን ሆኖ ይረጋና ደመና ይመስላል። ተመጋቢውን አይጎዳም። ፋብሪካዎችም ይህን ለመከላከል ሄስፔሪዲንን የሚሰባብር ኤንዛይም ወይም ሜቲል ሴሉሎስ ይጨምራሉ።

እንግዲህ አስመጪው ሽሮፑ የጠራ መሆን እንዳለበት በውሉ ላይ ያስጽፍ። ባለሱቁም ዕቃውን ከመጣሉ በፊት ይመርምር። ጣሳው ያበጠ፣ የሚያፈስ ወይም መጥፎ ሽታ ያለው እንደሆነ ግን ምክንያቱ ሌላ ነውና ሳይቀመስ ይወገድ። አጠራጣሪ ሆኖ የተገኘውንም ወደ ላቦራቶሪ መላክ ይገባል፤ የምርመራው ዋጋ ከደንበኛ እምነት አይበልጥምና።