«እንዴት አገኘኸው?» ለሚለን ሰው

ስለ መጽሐፍ ወይም ስለ ፊልም አስተያየት መስጠት ቀላል ሥራ ይመስላል። ሁለት ጓደኞች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታቸውን እንኳ ሳይጨርሱ «ያንን አነበብከው? ይህንንስ አየኸው? እንዴት አገኘኸው?» ይባባላሉ። መልሱም ብዙውን ጊዜ «ግሩም ነው» ወይም «የማይረባ ነው» ከማለት አያልፍም። ለምን ግሩም እንደ ሆነ፥ ለምንስ እንደማይረባ የሚጠይቅ ከተገኘ ግን ተናጋሪው ይጨነቅና «ሰው ሁሉ እንዲህ ይላል» ብሎ ይሸሻል።

ዛሬ ልንመለከተው የፈለግነው ይህንኑ ሽሽት ነው። አባቶቻችን «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ያሉት በከንቱ አይደለም።

ለምሳሌ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እናንሣ። ይህ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ስሙን ያልሰማ ተማሪ ማግኘት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው መጽሐፉን የሚያውቀው ገጹን ገልጦ ሳይሆን በጆሮው ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ የተረከውን የሰማ አለ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ታሪኩን በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ለማየት የቻለ አለ። መስማትም ሆነ ማየት ነውር የለበትም። እንዲህ ያለው ሰው «የወጋየሁ አተራረክ ማረከኝ» ቢል እውነተኛ አስተያየት ሰጠ ማለት ነው። ያላነበበውን ድርሰት እንዳነበበ ሆኖ «አቻ የለውም» ቢል ግን የሰው አፍ ተዋሰ እንጂ አስተያየት አልሰጠም።

መጽሐፉን ያነበቡትም ቢሆኑ አንድ ቃል አይናገሩም፤ ሊናገሩም አይገባም። አንዱ «የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ነው ልቤን የነካው» ይላል። ሁለተኛው ሰዎች እንደ እብድ የሚቆጥሩት፥ እርሱ ግን የዘመኑን ሥርዓት አብጠርጥሮ የሚነቅፈው ጉዱ ካሳ የመጽሐፉ ዋና ሰው ነው ብሎ ይከራከራል። ሦስተኛውም በፊታውራሪ መሸሻና በባላገሮቻቸው መካከል የተነሣው ግጭት ከፍቅሩ ይልቅ የከበደ ነገር ነው ይላል። ሦስቱም ገጹን ገልጠው «ይኸውና!» ለማለት ስለሚችሉ፥ ባይስማሙም ቅሉ ሦስቱም አስተያየት ሰጥተዋል። ክርክራቸውን ያዳመጠ አራተኛ ሰው ደግሞ መጽሐፉን ፍለጋ መሄዱ አይቀርም። «ሰው ሁሉ ወዶታል» የሚለውን ሰምቶ ግን ማን ምን ያተርፋል?

በፊልምም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በፈረንጆች አቆጣጠር በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት አግኝቷል። ታዲያ አንድ ሰው «ሽልማት አግኝቷልና ጥሩ ነው» ቢለን የነገረን የዳኞቹን አስተያየት ነው። «ታሪኩ ወዲያና ወዲህ እየዘለለ አደናገረኝ» የሚለው ሰው በበኩሉ ቢያንስ በገዛ ዓይኑ አይቷል። ይህ ሰው አንድ እርምጃ ብቻ ይቀረዋል፤ «ለምን ይዘላል?» ብሎ መጠየቅ። ጀርመን አገር ተምሮ ወደ ትውልድ መንደሩ የተመለሰው አንበርብር ያሳለፈውን ነገር የሚያስታውሰው ቁርጥራጩን እየለቀመ ነውና፥ ፊልሙም እንደ ሰውዬው አእምሮ እንዲሄድ ተደርጎ ይሆን? ተመልካቹ ይህን ከመረመረ በኋላ «አሁንም አልወደድኩትም» ቢል ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ጥላቻው ምክንያት አለውና።

«ስለ ልብ ወለድና ስለ ፊልም ይህን ያህል መጨነቅ ምን ይጠቅማል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ለተማሪና ለወጣት ሠራተኛ በጣም ይጠቅማል እንላለን። በሻይ ሰዓት አለቃው የወደደውን ፊልም አብሮ መውደድን፥ አለቃው የናቀውን መጽሐፍ ሳያነቡ መናቅን የለመደ ወጣት፥ ወደ ጠረጴዛው ሲመለስ ልማዱን በር ላይ ጥሎት አይገባም። መዝገብ ቀርቦለት «አስተያየትህን ጻፍበት» ሲባል ገጹን ሳይገልጥ «ከላይ በተባለው እስማማለሁ» ብሎ ይፈርማል። በልብ ወለድ ላይ የተዋሱት አስተያየት ማንንም አይጎዳ ይሆናል፤ በመዝገብ ላይ የተዋሱት ግን ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚጠባበቀውን ባለጉዳይ ይጎዳዋል።

ስለዚህ በገዛ ዓይን ማየትንና በገዛ አፍ መናገርን ባለጉዳይ በማይጎዳበት ቦታ፥ ማለት በመጽሐፍና በፊልም ላይ መለማመድ መልካም ነው። «ለኔ እንዲህ ታየኝ፤ ምክንያቱም ይህ ነው» ማለት ትዕቢት አይደለም፤ ሌላው ሰው «ለኔ ደግሞ እንዲህ ነው» እንዲል ቦታ ይተውለታልና። ያላነበብነውን መጽሐፍ «እንዴት አገኘኸው?» ብሎ የሚጠይቀን ቢመጣም «ገና አላነበብኩትም» እንበለው። ይህም ራሱን የቻለ መልስ ነው።