በቶንፒንግ የምግብ ቤቱ ስም የማን ነው?

ቶንፒንግ ከጁባ አየር ማረፊያ ጎን ያለ ሰፈር ነው። ሆቴሎች፣ የዕርዳታ ድርጅቶችና የተባበሩት መንግሥታት ሰፈር በቅርብ ርቀት ስለሚገኙ ዶላር የያዘ ተመጋቢ አይጠፋበትም። እ.ኤ.አ. ከ2005ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ ወደ ጁባ የዘለቁ ኢትዮጵያውያን በሆቴልና በምግብ ሥራ ላይ ጎልተው የታዩትም እንዲህ ያለውን ገበያ አይተው ነው። ምድጃው፣ ወንበሩ፣ ጄኔሬተሩ የተገዛበት ደረሰኝ አለ። ደንበኛው መንገድ አቋርጦ የሚመጣለት ስም ግን ብዙ ጊዜ ደረሰኝ የለውም።

እንበል አንዲት ኢትዮጵያዊት ከአገሬው ሸሪክ ጋር ምግብ ቤት ከፈተች። ገንዘቡም ሙያውም የእሷ ነው፤ ፈቃዱ የወጣው በሸሪኳ ስም ነው። ሥራው ሲደራ ሸሪኳ ያንኑ ስም ይዞ ሁለተኛ ቤት ከፈተ። ምን ትላለች? ብዙዎች የሚመልሱት «ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ» ብለው ነው። ሕግ ግን ስሙን ማን አወጣው ብሎ አይጠይቅም፤ በማን ስም ተመዘገበ፣ ውሉስ ምን ይላል ብሎ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይምታታሉ። የንግድ ስም መመዝገብ ነጋዴው ማን እንደሆነ ለመንግሥት ማሳወቅ ነው። የንግድ ምልክት መመዝገብ ደግሞ ሌላው ሰው በዚያ ስም ወይም ሥዕል ተመሳሳይ ዕቃና አገልግሎት እንዳይሸጥ የመከልከል መብት ማግኘት ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የንግድ ቢሮ ሥራ ሲሆን ሁለተኛው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይከናወናል። የምልክቱ ምዝገባ ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ከዚያም ይታደሳል። ንግድ ፈቃድ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ስሜ ተጠብቋል ብሎ የሚተኛ ነጋዴ አዲስ አበባም ውስጥ ሞልቷል።

ቦሌ ላይ የተመዘገበ ምልክት ደግሞ ጁባ ላይ በራሱ አይሠራም። መብቱ በየአገሩ የሚገኝ ነው። ይህን የኢትዮጵያ መንግሥት ራሱ በቡናው ተምሮታል። እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ ማመልከቻ አስገባ። የአሜሪካ ቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ስታርባክስም በስሙ ውስጥ ሲዳሞ ያለበትን ምልክት ለማስመዝገብ ቀድሞ አመልክቶ ነበር። ክርክሩ የዕርዳታ ድርጅቱን ኦክስፋምን ሳይቀር አሳትፎ በ2007 በስምምነት ተቋጨ፤ ስታርባክስ የስሞቹን ባለቤትነት አክብሮ በፈቃድ ለመጠቀም ተስማማ። በስሞቹ የሚጠራው ቡና ለዘመናት ከኢትዮጵያ መሬት የተለቀመ ነው። በዋሽንግተን ግን ይህ እውነት ብቻውን አልበቃም፣ ማመልከቻ አስፈለገ።

በጁባ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ነጻ ስትወጣ የራሷ የንግድ ምልክት ሕግ አልነበራትም። መዝጋቢዎቹ በ1969ኙ የሱዳን ሕግ እየተመሩ ማመልከቻ ሲቀበሉ ቆይተው አቆሙ፤ ኋላም ስም የማስያዝ ያህል አገልግሎት መጣ። ስለዚህ በእኔ ግምት ለቶንፒንግ ነጋዴ የመጀመሪያው ጥበቃ የምልክት ምዝገባ ሳይሆን ውሉና የኩባንያው ሰነድ ነው። የ2008ቱ የውል ሕግና የ2012ቱ የኩባንያዎች ሕግ አሉ። ስሙን ማን ያዋጣዋል፣ ሽርክናው ሲፈርስ ወደማን ይመለሳል፣ አንዱ ሸሪክ ብቻውን ሊጠቀምበት ይችላል ወይ የሚሉት በመመሥረቻ ጽሑፉና በሸሪኮቹ ስምምነት ውስጥ በግልጽ መግባት አለባቸው። ስም የማስያዙ ነገር ሲቻል ይታከልበት።

ሌላም ነገር አለ። ሁለት ሐበሾች ሽማግሌ አስቀምጠው በአማርኛ የሚፈራረሙት ወረቀት በመካከላቸው ክብር ይኖረዋል። የደቡብ ሱዳን መንግሥት የሥራ ቋንቋ ግን እንግሊዝኛ ነው። ክርክር ሲነሣ የተተረጎመው ቃል «ብድር» ይሁን «የአክሲዮን መዋጮ» አዲስ ጠብ ይከፍታል። ሁለት ቅጂ አድርጎ፣ የትኛው ገዢ እንደሆነ ጽፎ መፈረም ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ውል የሚያስፈልገው ሰው ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 የደቡብ ሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ቶንፒንግ ባለው የተባበሩት መንግሥታት ሰፈር በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተጠልሎ ነበር፤ ጁባ በሐምሌ 2016 ደግሞ ተናወጠች። በመስከረም 2014 የሥራ ሚኒስቴር ሆቴሎችን ጨምሮ በየድርጅቱ ያሉ የውጭ ዜጎች በአገሬው ሰው ይተኩ ብሎ አዘዘ፤ ጩኸት ሲበዛ በጥቂት ቀናት ተቀለበሰ። እንዲህ ባለ ጊዜ ቤቱን ለሌላ ሰው አደራ ብሎ መሄድ ይመጣል። አደራው ቁልፉን ብቻ ነው ወይስ ስሙንም? ያልተጻፈ ከሆነ መልሱ ቀድሞ በቦታው ለተገኘው ሰው ያደላል።

ስለ ወጡ አሠራር የሚጨነቁም አሉ። እውነቱን ለመናገር የዶሮ ወጥ አሠራርን የቅጂ መብት አይጠብቀውም፤ የቅጂ መብት የሚይዘው የተጻፈውን ገጽ፣ ፎቶውን፣ የሥዕሉን ምልክት ነው። የቅመሙ መጠን ምስጢር ሆኖ የሚቆየው ባለቤቱ ምስጢር አድርጎ ከያዘው ብቻ ነው። ወጥ ቤቷ ስትቀጠር ምስጢር እንድትጠብቅ ማስፈረም ይቻላል፣ ግን ሙያዋን ይዛ ወደ ጎረቤት ሆቴል እንዳትሄድ ማሰር ሌላ ነገር ነው፤ እንዲያ ያለውን ውል እኔ ራሴ አልደግፈውም። ደመወዟን ማስተካከል ይቀላል።

በመጨረሻ የኪራይ ውሉን ተመልከቱት። የውጭ ዜጋ በደቡብ ሱዳን መሬት መከራየት እንጂ ባለቤት መሆን አይችልም፤ ስለዚህ የሐበሻ ምግብ ቤት ሁሉ የሚሠራው በሌላ ሰው ግቢ ነው። ኪራይ ሲጨምርና መልቀቅ ሲመጣ አከራዩ «ሰሌዳው ይቆይ፣ ደንበኛው ቦታውን ለምዷል» ሊል ይችላል። ተከራይ ሲወጣ ሰሌዳውን፣ ስሙንና የስልክ ቁጥሩን ይዞ እንደሚሄድ፣ አከራዩም ግቢውን በዚያ ስም ለሌላ እንደማያከራይ የሚል አንድ አንቀጽ ይግባ። አከራዩ በዚህ የሚስማማው ደግሞ ውሉ በሚፈረምበት፣ ገና ደንበኛ ባልለመደበት ቀን ነው።