ርስትና ካሣ፤ በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ዙሪያ የተነሣው ክርክር

መሬት ያለ ካሣ ሊወሰድ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር ላይ ላዩን ሲታይ የገንዘብ ነገር ይመስላል፤ ከሥሩ ሲመረመር ግን ባለመሬት የሚባለው ማን ነው የሚል ጥያቄ ነው። የኢትዮጵያ ታሪክ ለዚህ ግልጥ ምሳሌ ይሆናል።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ማንም ሰው ተገቢ ካሣ ሳይከፈለው ንብረቱን እንዳይነጠቅ ደንግጎ ነበር። ባለመሬቶች የተመረኮዙት በዚህ ነው፤ ከእነርሱም መካከል መሬታቸውን በገንዘብ የገዙ ነበሩ። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ከተነሡ ወዲህ ግን ክርክሩ ወደ መብቱ ምንጭ ዞረ። በደቡብ ብዙው መሬት በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ከተደረገው ዘመቻ በኋላ ለመኳንንት፥ ለወታደርና ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ስለ ነበረ፥ የካሣ ተቃዋሚዎች ያለ ዋጋ የተገኘ መሬት ያለ ዋጋ ቢመለስ ፍርድ አይጓደልም ይሉ ነበር።

በሰሜን ግን ነገሩ ሌላ ነው። በጎጃምና በጎንደር ርስት ማለት ከአቅኚው አባት የሚወለድ ሁሉ በአባቱም በእናቱም ቈጥሮ የሚጠይቀው ድርሻ እንጂ በገበያ የሚሸጥ ዕቃ አልነበረም። ባለርስቱም አብዛኛውን ጊዜ ራሱ አራሽ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምፅ፥ የመሬቱ መለካት ርስቴን ያስነጥቀኛል የሚል ስጋት ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ለመሬቱ ካሣ እንደማይከፈል፥ ለሚንቀሳቀስ ንብረትና በመሬቱ ላይ ለተሠራ ቋሚ ሥራ ግን እንደሚከፈል ደነገገ። የአንድ ቤተ ሰብ ይዞታም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። ይህ በደቡብ ጢሰኛውን ከእርቦና ከሲሶ አላቀቀው። በሰሜን ደግሞ ባለርስቱን ከሚያርሰው ማሳ ሳያስነሣ፥ በትውልድ ቈጥሮ ሌላ ድርሻ የመጠየቅ መብቱን አስቀረበት፤ ለዚህ ዓይነቱ መብት ካሣ ይከፈል ቢባል እንኳ መተመኛ አይገኝለትም ነበር።

መሬትን በላዩ ከፈሰሰው ድካም የመለየቱ አሳብ ከደርግም በኋላ ቀጠለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ከልክሎ፥ ባለይዞታው በጉልበቱና በገንዘቡ ላፈራው ንብረት ካሣ እንዲያገኝ ፈቅዷል። ያኔ ለጢሰኛው ጋሻ የሆነው ሥርዐት፥ ዛሬ ከተማ ሲሰፋ ከማሳው የሚነሣውን ገበሬ የመሬቱን የገበያ ዋጋ እንዳይጠይቅ ይከለክለዋል።